ከምጽዋ ወደብ እስከ ድሬዳዋ ጉምሩክ፦ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሕይወት



ለዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንዲዘጋጅ በተወሰነ ጊዜ ብዙ ስሞች ተነሥተው ነበር። ንጉሥ ይሁን ያለ ነበረ፤ አርበኛ ይሁን ያለ ነበረ፤ ሯጭ ይሁን ያለም አልጠፋም። በመጨረሻ የተስማማንበት ሰው ጦር ያልመራ፣ ሀብትም ያላከማቸ፣ በወጣትነቱ ያረፈ የጉምሩክ ሹም ነው። ስለ ምን እርሱን መረጥን? እኛ በጅቡቲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን እንጀራችን ከወደቡና ከመንገዱ ጋር የተያያዘ ነው። ከመካከላችን ትራንዚተር አለ፤ ሾፌር አለ፤ ሱቅና ምግብ ቤት ያለው አለ፤ አትክልትና ፍራፍሬ የሚያከፋፍል አለ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት በዚሁ መሥመር ላይ ሆነው የሚወጣውንና የሚገባውን ዕቃ ያዩ፣ ከዚያም የሀገራቸውን የወደፊት ዕድል ያሰሉ ሰው ናቸው። በዚያ ላይ ስደትን እንደ እኛ ያውቁታል።

በክፉ ቀን የተወለደ ልጅ

ገብረ ሕይወት እ.ኤ.አ. በ1886 በትግራይ፣ በአድዋ አካባቢ ተወለደ። አባቱ ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ወታደሮች አንዱ ነበሩ፤ በ1889 በመተማ ጦርነት ወደቁ። ልጁ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ዘመኑም ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው፣ አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሚጠሩት ነበር። በምጽዋ በኩል ከውጭ ከመጡ ከብቶች ጋር የገባው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ የገበሬውን በሬ ጨረሰው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ጦም አደረ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። ሕዝቡ እህል ፍለጋ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ጎረፈ። ሕፃኑ ገብረ ሕይወትም ከተሰደዱት መካከል ነበር። በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል ቆጠረ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ተረት ይመስላል። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ምጽዋ ወደብ የቆመ የጀርመን መርከብ ለማየት ወጣ። ጓደኞቹ ሲወርዱ እርሱ ተደብቆ ቀረ፤ መርከቡም ይዞት ሄደ። በባሕር መካከል ሲገኝ የመርከቡ አዛዥ አልጣለውም። አውሮፓ በደረሱ ጊዜ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ አስረከበው፤ እነርሱም እንደ ልጃቸው አሳደጉት። የጀርመንኛ ቋንቋ አጥንቶ በርሊን ገብቶ ሕክምና ተማረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እንወዳለን። በኦቦክ በኩል ባሕር ለመሻገር በየዓመቱ በዚህች ሀገር በረሃ የሚያልፉትን ወጣቶቻችንን ሁላችንም እናያቸዋለን። ውኃ ያቀበልናቸው አሉ፤ የቀበርናቸውም አሉ። ስለዚህ የገብረ ሕይወትን ታሪክ ስንተርክ መርከብ ላይ መደበቅን እያሞገስን እንዳይመስል እንፈራለን። ልጁን ሰው ያደረገው መርከቡ አይደለም። አንድ ሰው አለመጣሉ፣ አንድ ቤት በሩን መክፈቱ፣ አንድ ትምህርት ቤት ወንበር መስጠቱ ነው። እነዚህ ሦስቱ ባይገጥሙት ኖሮ ስሙን ዛሬ የሚያነሣው አይኖርም ነበር።

መመለስና ዳግም ስደት

ገብረ ሕይወት በአውሮፓ ተደላድለው መኖር ይችሉ ነበር። ነገር ግን ተመለሱ። በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ዘመኑ ግን ለተማረ ሰው የሚመች አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ታመው ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም በሽኩቻ የተሞላ ነበር። ከውጭ የተመለሰ ሰው በሁለት ዓይን ይታያል፤ አንዱ ዕውቀቱን ይፈልገዋል፣ ሌላው ይጠረጥረዋል። ገብረ ሕይወትም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሀገራቸውን ለቀው ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በልጅነታቸው ረሀብ አሰደዳቸው፤ ባደጉ ጊዜ ደግሞ ፖለቲካ።

ከሱዳን በኋላ ወደ ኤርትራ ተሻገሩ፤ በዚያም ታመው ተኙ። ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ያማርራል፤ ማማረሩም አይፈረድበትም። እርሳቸው ግን ብዕር አነሡ። በ1912 አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ሥራቸው አስመራ ላይ ታተመ። ያለፈውን ስሕተት በግልጽ ከዘረዘሩ በኋላ ወጣቱ ልጅ ኢያሱ ሊያደርጋቸው የሚገባውን ማሻሻያ በተራ በተራ አስቀመጡ። ምሳሌ አድርገው ያቀረቡትም ጃፓንን ነበር፤ የውጭውን ዕውቀት ወስዳ በራሷ እጅ የሠራችበት ሀገር ስለ ሆነች።

ከእነዚያ ሐሳቦች ሦስቱን ብቻ እናንሣ፤ ለነጋዴ ይጠቅማሉና። አንደኛ፣ ግብር ልኩ የታወቀና በገንዘብ የሚከፈል ይሁን አሉ። ገበሬው ምን ያህል እንደሚወሰድበት ካላወቀ ምን እንደሚቀርለት አያውቅም፤ የሚቀርለትን ያላወቀ ሰው ደግሞ ለነገ አይዘራም። ሁለተኛ፣ የቤተ መንግሥቱ ገንዘብና የመንግሥቱ ገንዘብ ይለያዩ አሉ። ሦስተኛ፣ የገንዘቡ ሥርዓት ይስተካከል አሉ። በዚያን ዘመን ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከምኒልክ ብር ጋር አሞሌ ጨውና ጥይት ጭምር እንደ ገንዘብ ይዘዋወሩ ነበርና።

ከሐኪምነት ወደ ጉምሩክ

በልጅ ኢያሱ ዘመን ገብረ ሕይወት ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በሥራ ላይ ተሰማሩ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ ኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ተብለው ተሾሙ። ነጋድራስ ማለት በጥንት ጊዜ የነጋዴ ቅፍለት መሪ ነበር፤ በእርሳቸው ዘመን ግን የንግድና የጉምሩክ ሹም መጠሪያ ሆኗል።

የባቡሩ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋን ወለደ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ሕክምና የተማረ ሰው በዚህ መሥመር ላይ የጉምሩክ መዝገብ ሲያገላብጥ ለአንዳንዱ ሰው ውርደት ሊመስለው ይችላል። ለገብረ ሕይወት ግን የሙያ ለውጡ የዓላማ ለውጥ አልነበረም። አካልን ለማከም ተምረው ነበር፤ አሁን ደግሞ የሀገርን ሕመም ከቅርብ የሚያዩበት ቦታ አገኙ። ከሀገር የሚወጣው ቡና፣ ቆዳና ሰም ነበር። የሚገባው ጨርቅ፣ መሣሪያና ፋብሪካ የሠራው ዕቃ ነበር። ይህን ከድሬዳዋ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ አልነበረም።

ከዚህ የተገኘው ፍሬ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፋቸው ነው። ፍሬ ነገሩን በእኛ አነጋገር እንዲህ ብንገልጸው ያስኬዳል። የሀብት ምንጭ ሥራ ነው፤ የሥራን ፍሬ የሚያበዛው ግን ዕውቀት ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ገበያ ላይ ሲገናኙ በሚዛን የተለዋወጡ ይመስላሉ፤ በእውነቱ ግን አንዱ ለሌላው ሲደክም ይኖራል። ለምሳሌ የብዙ ቀን ድካም ያለበት ጥሬ ቆዳ ሄዶ በጥቂት ሰዓት የተሠራ ጫማ ይመጣል፤ ከልዩነቱ የሚተርፈው ባለ ዕውቀቱ ዘንድ ይቀራል። እርሱም ትርፉን መልሶ ዕውቀት ይገዛበታል፤ ልዩነቱም ከዓመት ዓመት ይሰፋል። ይህን ከመሰለ ነገር ላይ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር በ1950 ደርሰው በዓለም ታወቁበት። የድሬዳዋው ነጋድራስ ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት በአማርኛ ጽፈውት ነበር።

ሰው ናቸውና ትችትም አለባቸው። አንዳንድ ምሁራን አውሮፓን ከልክ በላይ አድንቀዋል፣ የሀገራቸውን ነባር ጥበብም አሳንሰው አይተዋል ይሏቸዋል። ለውጡን ሁሉ ከአንድ ብልህ ገዥ መጠበቃቸውንም የሚነቅፉ አሉ። እኛም ይህ ትችት ባዶ ነው አንልም። ነገር ግን ጉድለትን በግልጽ መናገራቸው ከጥላቻ እንዳልመጣ ሥራቸው ይመሰክራል። ሀገሩን የተወ ሰው የማሻሻያ ዝርዝር አያዘጋጅለትም።

ያላዩት ቀን

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1919 አረፉ። መጽሐፉን ታትሞ አላዩትም፤ የታተመው ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1924 ነው። ያሰቡት ማሻሻያም በሕይወት ሳሉ አልተፈጸመላቸውም። በንግድ ቋንቋ ብናየው ከስረው ሞቱ ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ዛሬ ስለ ኢትዮጵያ ኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ከእርሳቸው ይጀምራል። በ1995 መጽሐፋቸው ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል።

በዘመናችን ቀና አስተሳሰብ ይኑራችሁ፣ የወደፊቱን ተመልከቱ የሚል ምክር በየስብሰባው ይሰማል። ምክሩ መልካም ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ እጅና እግር የለውም። የገብረ ሕይወት ሕይወት እጅና እግር ይሰጠዋል። ለእርሳቸው ተስፋ ማለት ደስ ደስ የሚል ስሜት አልነበረም። መጀመሪያ ያለውን ነገር ሳይሸፍኑ መቁጠር ነው፤ ቀጥሎ የጎደለውን ለማሟላት ራስን መለወጥ ነው፤ በመጨረሻም ፍሬውን ላያዩት ለሚችሉት ቀን መሥራት ነው።

ወደ እኛ እንመልሰው። ከመካከላችን ለብዙ ዓመት ሠርተን ምን እንዳተረፍን የማናውቅ አለን፤ መዝገብ የለንምና። የሱቁን ገንዘብና የቤቱን ገንዘብ በአንድ ኪስ የምንይዝ አለን። ነጋድራሱ ለመንግሥት የሰጡት ምክር ለአንዲት ኪዮስክም ይሠራል። እቁባችን ጠንካራ ነው፣ ዕድራችንም ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የእቁቡ ገንዘብ ሲደርሰን ዕቃ ገዝቶ መልሶ ከመሸጥ አልፈን፣ ሙያ ለመማርና ለማስተማር ያዋልነው ስንቶቻችን ነን? ከ1998 ጀምሮ የሀገራችን ገቢና ወጪ ንግድ አብዛኛው በዚህ ወደብ ያልፋል። በአሮጌው ሃዲድ ፈንታም በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የባቡር መሥመር በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀምሯል። ዕቃው ዛሬም በፊታችን ያልፋል። ጥያቄው ዛሬም የነጋድራሱ ጥያቄ ነው፤ አሳላፊዎች ብቻ ሆነን እንቅር ወይስ የምናውቅና የምንሠራ እንሁን?

ስለዚህ በዚህ ኢዮቤልዩ ዓመት አንድ ነገር ለአባላት እናቀርባለን። ሒሳብ አያያዝ የምታውቁ አባሎቻችን በሳምንት አንድ ምሽት ለሌሎቻችን ብታስተምሩ፣ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ የምትችሉ ለአዲስ መጪዎች ብትከፍሉት፣ መንገድ ላይ የቀረ ልጅም ሲገኝ ማኅበሩ በሩን እንዲከፍትለት ብንስማማ፣ ከጭፈራና ከግብዣ የበለጠ በዓል አከበርን ማለት ነው። ምጽዋ ላይ መርከብ ውስጥ የተደበቀው ልጅ ማን እንደሚሆን የመርከቡ አዛዥ አላወቀም ነበር። እኛም አናውቅም። በር መክፈት ግን እንችላለን።

መልካም ኢዮቤልዩ ለሁላችን ይሁን።