አየር መርከቡ ተቃጠለ፤ ካምቢዮው ግን ቀረ

ከሁምቦ ወደ ሶዶ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ከአርባ ምንጭ በኩል ሙዝ ጭኖ የመጣ ከባድ መኪና ዳገቱ ጋ ሲደርስ ሹፌሩ ፍሪሲዮን ይረግጥና ማርሽ ይቀንሳል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ይንቀራፈፋል፣ ግን ይወጣል። ይህን የሚሠራው ሞተሩ ብቻውን አይደለም። የሞተሩን ፈጣን ዙር ቀንሶ ወደ ጉልበት የሚቀይረው ካምቢዮው ነው።

አዲስ አበባ አምቼ ውስጥ ከተገጣጠሙት ኢቬኮ ትራከር መኪኖች ብዙዎቹ ባለ 16 ማርሽ የዜድ ኤፍ ካምቢዮ አላቸው። ዜድ ኤፍ የጀርመን ኩባንያ ነው። ከ150,000 በላይ ሠራተኞች አሉት፤ በዓለም ላይ ካሉ ትልልቅ የመኪና ዕቃ አምራቾች አንዱ ነው። የዚህ ግዙፍ ኩባንያ 93.8 በመቶ አክሲዮን ግን በአንድ ቱጃር እጅ አይደለም። የያዘው አንድ ፋውንዴሽን ነው፤ ፋውንዴሽኑን የሚያስተዳድረው ደግሞ የአንዲት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነው።

ከተማዋ ፍሪድሪክስሃፈን ትባላለች። የነዋሪዋ ብዛት 60,000 አካባቢ ነው። ሶዶ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ እንኳ 76,050 ነዋሪ ነበራት። ማለትም ከሶዶ የምታንስ ከተማ የዓለም ካምቢዮ ባለቤት ናት።

እንዴት ሆነ? ታሪኩ የሚጀምረው ስለ ካምቢዮ ምንም ሐሳብ ካልነበረው ሰው ነው። ስሙ ኮንት ፈርዲናንድ ፎን ዜፕሊን ይባላል። ኮንት የመሳፍንት ማዕረግ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጡረታ የወጣው ጄኔራል

ዜፕሊን ሐምሌ 8 ቀን 1838 በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር ተወለደ። ሐይቁ ጀርመንን፣ ስዊዘርላንድንና ኦስትሪያን ያዋስናል። ልጁ እንደ ብዙ የመኳንንት ልጆች ወታደር ሆነ።

በ24 ዓመቱ የእርስ በርስ ጦርነቷን እያካሄደች ወደነበረችው አሜሪካ ሄደ፤ የሄደው ሊዋጋ ሳይሆን ሊታዘብ ነው። ነሐሴ 1863 ሴንት ፖል በምትባል ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በባሉን ወደ ሰማይ ወጣ። ከሰባት ዓመት በኋላ ደግሞ ጀርመንና ፈረንሳይ ሲዋጉ ከተከበበችው ፓሪስ ባሉኖች ደብዳቤና ሰው ይዘው እየወጡ ከበባውን ሲያመልጡ አየ። አንድ ነገር ግን ከነከነው። ባሉን ነፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል እንጂ መሪ የለውም። መሪና ሞተር ቢኖረውስ?

ይሄን ሐሳብ በ1874 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ከዚያ ለ16 ዓመት ያህል ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1890 በጦር ልምምድ ላይ አመራሩ ክፉኛ ተተቸና በ52 ዓመቱ ከሠራዊቱ ወጣ። ለአንድ የመኳንንት ልጅ ይሄ ትልቅ ውርደት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ ቤቱ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል፤ ዜፕሊን ግን የድሮ ማስታወሻውን አወጣ።

ገንዘብ የሚበላ ሕልም

ሐሳቡ ይሄ ነበር፦ ከአሉሚኒየም ረጅም አጽም ይሠራል፣ በጨርቅ ይሸፈናል፣ ውስጡ ሃይድሮጂን ጋዝ የያዙ ከረጢቶች ይደረደራሉ፣ ከሥሩ ሞተርና ሰው የሚይዙ ጎጆዎች ይንጠለጠላሉ። የመንግሥት ባለሙያዎች አይተው አልተቀበሉትም። ሕዝቡ ደግሞ እብዱ ኮንት እያለ ይስቅበት ነበር።

በ1898 ኩባንያ አቋቋመ። ካፒታሉ 800,000 ማርክ ሲሆን ግማሽ ያህሉን ከኪሱ አዋጣ። ሐምሌ 2 ቀን 1900 የመጀመሪያው አየር መርከብ በሐይቁ ላይ ወጣ። ርዝመቱ 128 ሜትር ነው፤ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ይበልጣል። በአየር ላይ የቆየው ግን 18 ደቂቃ አካባቢ ብቻ ነው። በዓመቱ ገንዘቡ አለቀ፣ ኩባንያው ፈረሰ፣ መርከቡም ተበታተነ።

ኮንቱ አላቆመም። የራሱን ሀብት ጨመረ፣ የሚስቱን ርስት አስያዘ፣ ሎተሪ አስፈቀደ። ሁለተኛው መርከብ በ1906 መጀመሪያ አርፎ ሳለ ማዕበል አወደመው። ሦስተኛው ተሳካ። መንግሥትም ለመግዛት አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፦ ሳይቋረጥ 24 ሰዓት ይብረር።

የኤክተርዲንገን እሳት

ነሐሴ 4 ቀን 1908 አራተኛው መርከብ ለዚያ ፈተና ተነሳ። ዜፕሊን ወሩን ሳይሞላ 70 ዓመቱን ደፍኗል። በእኛ አገር አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ካዩ ገና ብዙም አልቆዩም ነበር።

በማግስቱ ሞተር ተበላሸና ሽቱትጋርት አቅራቢያ ኤክተርዲንገን በምትባል መንደር ሜዳ ላይ አረፈ። ብዙ ሺህ ሰው ሊያየው ተሰበሰበ። ድንገት ማዕበል መጣ፤ መርከቡን ከታሰረበት ነቅሎ ወሰደው፤ ጋዙ ተቀጣጠለ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የቀረው የተጣመመ አሉሚኒየም ብቻ ነበር።

ሽማግሌው በቃኝ ብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነበር፤ ገንዘብም ተስፋም የለም። ያልጠበቀው ነገር የመጣው ያኔ ነው። ሲስቅበት የኖረው ሕዝብ ገንዘብ ያዋጣ ጀመር። ሀብታሙም ድሃውም፣ ተማሪውም አሮጊቷም ያላቸውን ላኩ። ማንም አላዘዛቸውም። በጥቂት ጊዜ የተሰበሰበው ከ6 ሚሊዮን ማርክ በላይ ሆነ። የመጀመሪያ ኩባንያውን ካፒታል ከሰባት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ። በዚህ ሁሉ የሕዝብ ገንዘብ ምን ይደረግ? ዜፕሊን ኪሱ አልከተተውም። በ1908 ማብቂያ ላይ ፋውንዴሽን አቋቋመ፣ ገንዘቡንም እዚያ አስገባ፣ አየር መርከብ የሚሠራውን ኩባንያም በሥሩ አደረገ። በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ደግሞ አንድ አንቀጽ ተጻፈ፦ አንድ ቀን የአየር መርከብ ዓላማ ቢቀር፣ ንብረቱ ለፍሪድሪክስሃፈን ከተማ ተላልፎ ለበጎ ሥራ ይዋል።

በዚያን ጊዜ ይሄ አንቀጽ ማንንም ያስጨነቀ አይመስልም። ዛሬ ዋናው የታሪኩ ቁልፍ እሱ ነው።

የጥርስ ችግር

ገንዘቡ ሥራ አፋጠነ። በ1909 የሞተር ፋብሪካው ማይባክ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የዓለም የመጀመሪያው አየር መንገድ የሚባለው ዴላግ ተመሠረተ። እስከ 1914 ድረስ ከ1,500 በላይ በረራ አድርጎ አንድም መንገደኛ አልሞተበትም።

አንድ ነገር ግን እየደጋገመ ያስቸግር ነበር፦ ጥርስ። ሞተሩ ያለው ጎጆው ውስጥ ነው፤ ፕሮፔለሩ ግን ራቅ ብሎ ጎን ላይ ነው። ጉልበቱ በዘንግና በጥርስ ይተላለፋል። በዚያን ጊዜ የሚቆረጡ ጥርሶች በትክክል አይገጥሙም ነበር። ይጮኻሉ፣ ይሞቃሉ፣ ጉልበት ያባክናሉ፣ ይሰበራሉ። አየር ላይ ጥርስ ሲሰበር ዳር ይዞ መካኒክ መጥራት የለም።

መፍትሔው ዙሪክ ተገኘ። ማክስ ማግ የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ጥርስን በትክክለኛ ቅርጽ የመቁረጥ ዘዴ ነበረው። መስከረም 9 ቀን 1915 የዜፕሊን ኩባንያ 80 በመቶ፣ ማግ 20 በመቶ ይዘው የጥርስ ፋብሪካ አቋቋሙ። ዜድ ኤፍ ማለት ይሄው ነው፤ በጀርመንኛ ሁለቱ ፊደላት የፍሪድሪክስሃፈን የጥርስ ፋብሪካ የሚለውን ያሳጥራሉ።

የቴክኒክ ሥራውን የመራው አልፍሬድ ፎን ሶደን የሚባል መሐንዲስ ነው። አዎ፣ ሶደን! ከሶዶ ጋር ዝምድና የለውም፤ ስሙ ብቻ ነው የተቀራረበው።

የማይደበቀው ጎን

ያ ጊዜ የአንደኛው ዓለም ጦርነት ነው። ከ1915 ጀምሮ የዜፕሊን መርከቦች በሌሊት እየበረሩ እንግሊዝ ላይ ቦምብ ጣሉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ቤታቸው የተኙ ሲቪሎች ናቸው። ኮንቱ በዚህ አልተቃወመም፤ እንዲያውም ደጋፊ ነበር። ሕዝብ ከእሳት አመድ ያነሳው ሕልም ራሱ እሳት የሚጥል ሆነ። የሰውየውን ታሪክ ስንናገር ይሄን መዝለል አይቻልም።

ዜፕሊን መጋቢት 8 ቀን 1917 በርሊን ውስጥ በ78 ዓመቱ ሞተ። ጦርነቱ ሲያልቅ አላየም። የጥርስ ፋብሪካው ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ አልሞላም። ኮንቱ አንድም የዜድ ኤፍ የመኪና ካምቢዮ ሳያይ ነው የሄደው።

ሕልሙ ሲሞት ጥርሱ ተረፈ

ጀርመን ተሸነፈች። አሸናፊዎቹ አየር መርከብና የጦር አውሮፕላን እንዳትሠራ ከለከሏት። የጥርስ ፋብሪካው ደንበኛ አጣ። ወይ መዘጋት፣ ወይ ሌላ ገበያ መፈለግ። መኪናን መረጡ።

ሶደን በ1920ዎቹ መጀመሪያ አንድ ብልህ ካምቢዮ አወጣ። ሹፌሩ መሪው ላይ ባለ መምረጫ ማርሹን አስቀድሞ ይመርጣል፤ ፔዳሉን ሲረግጥ ማርሹ ይገባል። ጊዜውን የቀደመ ነበር፤ ግን ውድ ስለነበር ገበያው አልሰፋለትም። ከዚያ በ1925 ቀለል ያለ፣ ለብዙ መኪና የሚሆን አንድ ወጥ ካምቢዮ መጣ። በ1929 ደግሞ ሰያፍ ጥርስ ያለው፣ ድምፁ የቀነሰ አፎን የተባለው ተከተለ። ሰያፍ ጥርስ ቀስ ብሎ እየተንሸራተተ ስለሚገናኝ እንደ ቀጥታው አይጮኽም። ዛሬም መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የምትሰሙት ዋይታ ብዙ ጊዜ የቀጥታ ጥርስ ድምፅ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያነሳነው ባለ 16 ማርሽ ካምቢዮ ኤኮስፕሊት ይባላል። አሠራሩ ለተማሪ የሚስብ ነው። መሠረቱ አራት ማርሽ ብቻ ነው። አንድ ክፍል እያንዳንዱን ማርሽ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ስምንት ሆነ። ሌላ ክፍል ደግሞ ሁሉንም በዳገትና በሜዳ ረድፍ ያባዛዋል፤ 16 ሆነ። ባጃጅ የምትነዱ ልጆች በአራት ማርሽ ዳሞታ ሥር ስትወጡ የምታደርጉት ያው ነው፤ ልዩነቱ የጭነቱ ብዛት ነው።

ለቤት መኪና የታወቀው ደግሞ በ2009 የመጣው 8ኤችፒ የሚባለው ባለ ስምንት ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ከቢኤምደብሊው እስከ ሬንጅ ሮቨር ውስጥ አለ። ለከተማ አውቶቡስ ኤኮላይፍ፣ ለረጅም መንገድ ጭነት ትራክሰን አሉ። ጋራዥ ውስጥ ስሙን የምትሰሙት የሳክስ ፍሪሲዮንም ዛሬ የዚሁ ኩባንያ ነው።

አንቀጹ ሥራ ላይ ዋለ

በ1937 ሂንደንበርግ የተባለው ግዙፍ አየር መርከብ አሜሪካ ሲያርፍ ተቃጠለና 36 ሰው ሞተ። የአየር መርከብ ዘመን በዚያው አበቃ። ሁለተኛው ዓለም ጦርነት መጣ፤ ዜድ ኤፍም ለጦርነቱ አመረተ፣ በግዳጅ የመጡ ሠራተኞችንም አሠራ። ከተማዋ በ1944 በቦምብ ፈረሰች።

ከጦርነቱ በኋላ ያ የ1908 አንቀጽ ከመሳቢያ ወጣ። አየር መርከብ የለም። ስለዚህ በ1947 የፋውንዴሽኑ ንብረት ለከተማዋ ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ ከካምቢዮው ትርፍ የሚደርሰው ድርሻ ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ለአረጋውያን፣ ለባህልና ለስፖርት ይውላል። የኮንቱ ዘሮች ግን አልተስማሙም፤ ፋውንዴሽኑ ወደ ቀድሞው መልኩ ይመለስ ብለው ሲከራከሩ ቆይተዋል።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ማርሽ አያስፈልገውም፤ አብዛኞቹ አንድ ማርሽ ይበቃቸዋል። ኩባንያው በ2024 ጀርመን ውስጥ እስከ 2028 ማብቂያ ከ11,000 እስከ 14,000 የሥራ ቦታ እንደሚቀንስ አስታውቋል። በአንድ ፋብሪካ ላይ የተደገፈች ከተማ ፋብሪካው ሲያስነጥስ ትታመማለች።

እንግዲህ እኛ ጋ ስንመጣ። መዋጮ ለእኛ አዲስ አይደለም። እድር አለን፣ እቁብ አለን፤ ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድ፣ ለክለብ፣ ለታማሚ በስልካችን እንልካለን። እጃችን ፈጥኖ ይዘረጋል። ብዙ ጊዜ የማንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያሰብነው ሳይሳካ ቢቀር ወይም ገንዘቡ ቢተርፍ ወዴት ይሄዳል? የማን ነው? የት ተጽፏል?

በ1908 የዋጣው ገንዘብ የተዋጣለት ነገር ዛሬ የለም። አዋጪዎቹም የሉም። የቀረው ገንዘቡ የማን እንደሆነ የሚናገር አንድ አንቀጽ ነው፤ እሱም እስካሁን ሕፃናት ያስተምራል። በሚቀጥለው ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ገንዘብ ስትልኩ ሒሳብ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ደንቡንም ጠይቁ።