ማዘጋጃ ቤቱን ያስተዳደሩት ኅሩይ

ባለፈው ዓመት የአባቴ ቤት ጉዳይ ደጅ ሲያስጠናኝ ከረመ። ቤቱ ጉለሌ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ በጎረቤት ግቢ ተሻግሮ እኛ ግቢ ይተኛል። የውኃ ማውረጃ ቦይ እንዲከፈት አመለከትን። ጎረቤታችን በበኩላቸው ቦዩ በይዞታዬ አያልፍም አሉ። ሁለታችንም የየራሳችን እውነት ስለነበረን ጉዳዩ ለኮሚቴ ተመራ። የየትኛው መሥሪያ ቤት ኮሚቴ እንደሆነ መጥራቱ ለዛሬ አያስፈልግም፤ አንባቢ የራሱን ሊያስብ ይችላል።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። በሁለተኛው ሰብሳቢው ሌላ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ተወሰነ። የተሰጠኝ ባለማኅተም ወረቀት ኮሚቴው በጉዳዩ ላይ በሰፊው ከተወያየ በኋላ ጥያቄውን እንዳልተቀበለው ይገልጻል። ለምን እንዳልተቀበለው፣ ቦታውን ማን እንዳየው፣ የትኛውን መመሪያ እንደተመለከተ አንድም ቃል የለም። ሕግ ተምሬያለሁ፤ ይግባኝ መጻፍም አይቸግረኝም። ምክንያት የሌለው ውሳኔ ላይ ይግባኝ ማለት ግን ከጥላ ጋር ቦክስ መግጠም ነው።

ይህን ወረቀት ይዤ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ በመስኮቱ የእንጦጦን ተራራ ሳይ ነው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ትዝ ያሉኝ። ብዙዎቻችን ኅሩይን የምናውቃቸው በ‹‹ወዳጄ ልቤ›› እና በ‹‹አዲስ ዓለም›› ደራሲነታቸው ነው፤ ታሪክ የሚከታተል ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው። እዚያ ተራራ ላይ፣ እንጦጦ ራጉኤል የተማሩት እኚህ ሰው ከተራራው ሥር የተዘረጋውን ከተማ ማዘጋጃ ቤት እንደመሩ፣ ቀጥሎም በዳኝነት ወንበር እንደተቀመጡ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ይኸኛው ኅሩይ ነው።

ኅሩይ የተወለዱት ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ መርሐቤቴ፣ ደን በተባለ ቦታ ነው። የመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር። አባታቸውን ገና ልጅ ሳሉ አጡ። ከዚያ በኋላ እንደ ብዙው የዘመናቸው የቆሎ ተማሪ በራሳቸው ጥረት ነው የቤተ ክህነቱን ትምህርት የገፉት። ወደ እንጦጦ ራጉኤል መጥተው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። እንደ ኋለኞቹ የተማሩ ሰዎች ውጭ አገር ተልከው ኮሌጅ አልገቡም። መሣሪያቸው ግዕዝ፣ ብዕርና ትዕግሥት ነበር።

በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ በደጃዝማች (በኋላ ልዑል ራስ) ካሣ ኃይሉ ከተመራው የኢትዮጵያ መልዕክተኛ ቡድን ጋር ወደ ለንደን ተጓዙ። ከዚያ ጉዞ የተመለሰ ሰው ስለ ባቡሩና ስለ ፎቁ ሲያወራ ይኖራል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። ኅሩይ ግን በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ዝርዝር ነው። የትኛው መጽሐፍ አለን የሚለውን ጥያቄ በወረቀት ላይ መለሱ። ሥራው ዘና የሚያደርግ አይደለም፤ ዝና የሚያመጣም አይደለም። መዝገብ ነው። የሰውዬው ጠባይ ግን ከሁሉም ሥራቸው ይልቅ እዚህ ላይ የሚታይ ይመስለኛል፤ ያልተመዘገበ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል የሚል ጠባይ።

መስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። አዲሱ መንግሥት የሚያምናቸውን ሰዎች ሲመርጥ ኅሩይ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ዳይሬክተር ሆነው ተሾሙ። ከተማይቱ ያን ጊዜ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነበረች። ምኒልክ ለመኳንንቱ በየሰፈሩ ቦታ የሰጡባት፣ ባቡር ከገባባት ገና ጥቂት ጊዜው የነበረ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ህንዱና ዓረቡ ሱቅ የከፈተባት ከተማ ነበረች። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ ያወጡት የአዲስ አበባ መሬት ደንብ ቦታ በግል እንዲያዝና እንዲሸጥ መንገድ ከፍቶ ነበር። ቦታ መሸጥ ከጀመረ ወሰን ይመጣል፤ ወሰን ከመጣ ክርክር ይመጣል፤ ክርክር ከመጣ ማን ከማን ምን እንደገዛ የሚናገር መዝገብ ያስፈልጋል። የማዘጋጃ ቤት ሥራ ማለት ያኔም ሆነ ዛሬ ይኸው ነው። ወሰን፣ መንገድ፣ ቆሻሻ፣ ሌባ፣ ውኃ። ታሪክ የማይጽፈው፣ ኗሪው ግን በየቀኑ የሚኖርበት ጉዳይ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። በኅሩይ ዘመን የሚወስነው ሹሙ ነበር። ባለጉዳዩ ማን እንደበደለው ያውቃል፤ ከፍ ወዳለው ችሎት አቤት ሲልም ስም ጠርቶ ነው። የከተማ ምክር ቤት የሚባለው ነገር በአዋጅ የመጣው ከነጻነት በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ቀበሌ መጣ፣ ክፍለ ከተማ መጣ፣ ወረዳ መጣ፣ ከእነሱም ጋር ቋሚ ኮሚቴውና ጊዜያዊ ኮሚቴው ተባዛ። በመሠረቱ ኮሚቴ ክፉ ነገር አይደለም። አንድ ሹም እንደፈለገ ከሚያደርገን አምስት ሰው ተመካክሮ ቢወስንልን ይሻላል። ችግሩ ኃላፊነት ለአምስት ሲካፈል አንዳንዴ ለማንም የማይደርስ መሆኑ ነው። ኮሚቴው ወሰነ ሲባል ማን አለ? ሁሉም። ማን ይጠየቃል? ማንም።

ወደ ኅሩይ ልመለስ። ከማዘጋጃ ቤት በኋላ በ1910ዎቹ ዓመታት ኢትዮጵያውያንና የውጭ ዜጎች የሚካሰሱበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። ለሕግ ሰው ይህ ወንበር ምን ያህል እሾህ እንደነበረው መገመት ቀላል ነው። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው፣ በተደራዳሪው በክሎቡኮውስኪ ስም የሚጠራው ውል አንድ ፈረንሳዊና አንድ ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ከቆንስሉ ጋር ሆኖ እንዲያይ፣ ተከሳሹ ፈረንሳዊ ከሆነ በፈረንሳይ ሕግ፣ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በኢትዮጵያ ሕግ እንዲዳኝ ያዝዛል። ሌሎች አገሮችም በዚሁ ውል ተጠቅመዋል። እንግዲህ በገዛ አገሩ፣ አጠገቡ የባዕድ ቆንስል ተቀምጦ የሚፈርድ ዳኛ አስቡ። እንዲህ ባለ ወንበር ላይ በሰፊው ከተወያየን በኋላ ብሎ ማለፍ አይቻልም። ምክንያቱን ያልጻፈ ዳኛ የራሱን ብቻ ሳይሆን የአገሩን ዳኝነት ያስንቃል። ኅሩይ ስለ መዝገብና ስለ ጽሑፍ የነበራቸው ጥብቅነት ከዚህ ወንበርም የተቀዳ ይመስለኛል።

በ1915 ዓ.ም. ‹‹የሕይወት ታሪክ›› የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። የአገሪቱን ሰዎች በፊደል ተራ ዘርዝሮ ማን ምን እንደነበረ በአጭሩ የሚናገር፣ ለኋላ ትውልድ ማስታወሻ እንዲሆን የተዘጋጀ ሥራ ነው። ዛሬም ተመራማሪዎች ያገላብጡታል። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞሩ፤ ያንንም ጻፉ። ‹‹የልብ አሳብ›› በ1923፣ ‹‹አዲስ ዓለም›› በ1925 ዓ.ም. ወጡ። ‹‹አዲስ ዓለም›› ውስጥ ያለው ወጣት ከፓሪስ ተመልሶ ከዘመድ አዝማድ ጋር የሚታገለው ስለ ዙፋን ወይም ስለ ጦርነት አይደለም። ስለ ተዝካር ድግስ ነው፤ ስለ ጋብቻ ነው። ኅሩይ አገር የምትለወጠው በትልቁ አዋጅ ብቻ ሳይሆን በዕለት ተዕለቱ ልማድ መሆኑን ያውቁ ነበር። ከተማ ያስተዳደረ ሰው ይህን ማወቁ አያስገርምም።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በእጃቸው ገባ። በ1924 ዓ.ም. በመልዕክተኝነት ጃፓን ደርሰው ተመለሱ፤ ‹‹ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን›› የዚያ ጉዞ ፍሬ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዘመኑ ጨለመ። ኅዳር 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ከጣሊያን ወታደሮች ጋር ግጭት ተነሳ። ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረችና አቤቱታዋን ለጄኔቫ አቀረበች።

እንግዲህ የቀድሞው የማዘጋጃ ቤት ሹም የሚመሩት መሥሪያ ቤት በዓለም ትልቁ የኮሚቴ ቤት ባለጉዳይ ሆነ። ጄኔቫ ስንት ኮሚቴ አቋቋመ! የአምስቱ ኮሚቴ ሰላማዊ መፍትሔ እንዲፈልግ ተሰየመ። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሳ ከገባች በኋላ የስድስቱ ኮሚቴ ወራሪው ማን እንደሆነ መረመረ። የአሥራ ስምንቱ ኮሚቴ ማዕቀቡን ያዘ። የአሥራ ሦስቱ ኮሚቴ ሽምግልናውን ያዘ። ነዳጅ በማዕቀቡ ይግባ አይግባ የሚለው ጉዳይ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ሲታከልበት የመርዝ ጋዝ በሰሜን ይዘንብ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከሁለት ወር በኋላ ማኅበሩ ማዕቀቡ እንዲነሳ ወሰነ።

እዚህ ላይ እስካሁን ያልኩትን የሚፈትን ነገር አለ። የጄኔቫ ቃለ ጉባኤ ጉድለት አልነበረበትም። ማን ምን እንደተናገረ፣ ማን እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ተሰራጭቷል። ኢትዮጵያ ግን ወደቀች። ታዲያ ጽሑፍ ምን ጠቀመ? ፍርድ እንዳላመጣ ግልጽ ነው። ሆኖም የስድስቱ ኮሚቴ ጣሊያን ቃል ኪዳኑን አፍርሳ ጦርነት ጀምራለች ብሎ የጻፈው አልተፋቀም። በደሉ ወሬ ሆኖ አልቀረም፤ መዝገብ ሆነ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የምንለው ለዚህ ነው።

ኅሩይ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደዱ። ለኅትመት ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ በወረራው ምክንያት መንገድ ላይ ቀረ፤ አንባቢ እጅ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝ አገር የተማረው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደለ። አባትየው በስደት ሆነው ይህን መርዶ ተሸከሙ። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ በተባለው የስደት ቤት፣ በ60 ዓመታቸው ዐረፉ። አገራቸው ነጻ ስትወጣ ሳያዩ።

እኔ ከዚህ ሁሉ ሕይወት ለጉለሌው ኮሪደሬ የወሰድኩት ትንሽ ነገር ነው። አምስቱን የኮሚቴ አባላት አልወቅስም። ከመደበኛ ሥራቸው ላይ ተደርቦባቸው፣ በቀን ሃያ ጉዳይ እያዩ፣ የሰው ቁጣ እየተቀበሉ ነው የሚሠሩት። ከእነሱ የምፈልገው ሊቅነት አይደለም፤ ሦስት መስመር ነው። ምን እንዳዩ፣ በየትኛው ደንብ እንደሄዱ፣ ለምን እንደወሰኑ። ይህ ደግሞ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም፤ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ በጽሑፍ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዝዛል።

በመጨረሻ ወደ ኮሚቴው ጸሐፊ ገባሁ። ወጣት ናት፤ ፊት ለፊቷ የተከመረው ፋይል ፊቷን ሸፍኖታል። ውሳኔው እንዲለወጥ አልጠየቅኋትም፤ ምክንያቱ እንዲጻፍልኝ ብቻ በማመልከቻ ጠየቅሁ። መጀመሪያ የተለመደ አይደለም አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወለች። ኮሚቴው እንደገና ተቀምጦ ጽፏል። ቦዩ በጎረቤቴ ግቢ ካለፈ የእሳቸውን የቤት መሠረት እንደሚጎዳ፣ በዋናው መንገድ በኩል ግን ሊወጣ እንደሚችል የመሐንዲስ አስተያየት ተያይዟል።

ጉዳዩ አሁንም የተወሰነው በእኔ ላይ ነው። ግን ወረቀቱን አንብቤ ስጨርስ ጎረቤቴ እውነት እንደነበራቸው ገባኝ። ይግባኙን ትቼ በመንገዱ በኩል እንዲወጣ አዲስ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ እሳቸውም አብረውኝ ፈረሙ። አንድ ክረምት ሙሉ ሰላምታ ተነፋፍገን የከረምን ሰዎች ያስታረቀን ሽማግሌ አልነበረም። ሦስት መስመር ምክንያት ነው።