ጎማን በነፋስ የሞላው የእንስሳት ሐኪም

ጋሪ የሚነዳ ሰው ጎማው ሲተነፍስበት ሳያየውም ያውቀዋል። ፈረሱ አንገቱን ይደፋል፤ ጭነቱ ያው፣ መንገዱም ያው ሆኖ ሳለ ሜዳው ዳገት ይሆንበታል። ብስክሌተኛውም እንዲሁ ነው። ነፋሱ ባነሰ ጎማ ላይ ፔዳል መርገጥ በታረሰ ማሳ ላይ እንደ መሮጥ ነው። በነፋስ የተሞላውን ጎማ ለዓለም ገበያ ያበቃው ሰው ግን መሐንዲስ አልነበረም፤ ጋሪ ሠሪም አልነበረም። የፈረስና የከብት ሐኪም ነበር። ስሙ ጆን ቦይድ ደንሎፕ ይባላል።

ደንሎፕ እንደ አውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1840 በስኮትላንድ ምዕራባዊ ክፍል፣ ድሬግሆርን በተባለች መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። የትውልድ አውራጃው አየርሻየር ትባላለች። የወተት ከብት የሚያረባ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ ቀይና ነጭ መልክ ያላት አየርሻየር የተሰኘችው የወተት ላም መጠሪያዋን ያገኘችው ከዚያው ምድር ነው። ልጁ ከእርሻው ወጥቶ ወደ ኤድንብራ ሄደ፤ በዚያም የእንስሳት ሕክምና ተምሮ በ19 ዓመቱ ተመረቀ።

በሀገሩ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲያክም ከቆየ በኋላ፣ በ1867 ባሕሩን ተሻግሮ አየርላንድ ገባ። መጀመሪያ ዳውንፓትሪክ በምትባል ከተማ ከወንድሙ ከጄምስ ጋር የእንስሳት ሕክምና ቤት ከፈተ፤ ቀጥሎም ወደ ቤልፋስት ተዛወረ። በ1880ዎቹ የእርሱ የሕክምና ቤት በአየርላንድ ከነበሩት ትልልቆች አንዱ ለመሆን በቅቶ ነበር። በ1871 ማርጋሬት ስቲቨንሰንን አግብቶ ሴትና ወንድ ልጆች ወልዷል። ጢሙ ረጅም፣ ሥራው የተረጋጋ፣ ዕድሜውም ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከዚህ በኋላ አዲስ ነገር ይጀምራል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም።

በዚያ ዘመን የከተማ መንገድ በድንጋይ የተነጠፈ ነበር። የጋሪው መንኮራኩር ዙሪያውን በብረት ይታሰራል። የብስክሌቱ ደግሞ ቀጭንና ድፍን ላስቲክ ይለብሳል፤ ይህም ከብረቱ ጥቂት ቢሻል እንጂ ንቅናቄውን አያስቀርም። ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። ጠንካራ መንኮራኩር ጠጠር ሲያጋጥመው፣ በላዩ ያለውን ጭነት ሁሉ ከፍ አድርጎ በጠጠሩ ላይ ማለፍ አለበት። አልፎ ሲወድቅም ያነሣበት ጉልበት በንቅናቄ ይባክናል። ያ ጉልበት ከየትም አይመጣም፤ ከፈረሱ ጡንቻ ወይም ከነጂው እግር ነው። ንቅናቄው መገጣጠሚያን የሚጎዳና ጉልበትን የሚበላ የተደበቀ ዳገት ነው ማለት ይቻላል።

የብስክሌት ሠሪዎችም ይህን ያውቁ ነበር። መላ ያሉት የፊት መንኮራኩሩን ማሳደግ ነበር፤ ትልቅ መንኮራኩር በጉድጓድና በጠጠር ላይ ቀለል ብሎ ያልፋልና። ስለዚህም የፊት ጎማው ከሰው ደረት የሚደርስ፣ የኋላው ግን ትንሽ የሆነ ብስክሌት ለዓመታት ነገሠ። ነጂው ከላይ ተቀምጦ በድንገት ቢቆም በግንባሩ ነው የሚወርደው። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሁለቱም ጎማዎች የሚቀራረቡበትን፣ በካቴና የኋላ ጎማ የሚነዳበትን ሮቨር የተባለ ብስክሌት አወጣ። ቅርጹ የዛሬው ብስክሌት ቅርጽ ነው። መውደቁ ቀነሰ፤ ነገር ግን መንኮራኩሮቹ በማነሳቸው ንቅናቄው በረታ። አንዱ ችግር ተፈትቶ ሌላው ጸና።

በ1887 የደንሎፕ ትንሽ ልጅ በቤልፋስት ድንጋያማ መንገድ ላይ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን ይነዳ ነበር። መንገጫገጩም ሆነ ፔዳሉን መግፋቱ ያስቸግረው ነበር። አባትየው ችግሩን እንደ ሐኪም አየው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሚያመውን ነገር ከላይ አልፈለገም፣ መንገዱና መንኮራኩሩ ከሚነካኩበት ቦታ ላይ ፈለገው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ላይ ሥራውን ጀመረ።

የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ቆርጦ ጎማ ሠራ የሚለው ተረት በብዙ ቦታ ይነገራል። የሠራው ሥራ ግን ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ነበረው። ከእንጨት ክብ ሠሌዳ አዘጋጀ። ከስስ የላስቲክ ሉህ ቱቦ አጣብቆ በክቡ ዙሪያ አጠመጠመ፤ ቱቦው በነፋስ ተነፍቶ እንዳይፈነዳ በጨርቅ ሸፍኖ ጨርቁን በሚስማር ከእንጨቱ ጋር መታው። ነፋሱን የሞላው በእግር ኳስ መንፊያ ነበር። ከዚያም የልጁን ብስክሌት አንድ ጎማ ፈትቶ ሁለቱን በግቢው ውስጥ እየገፋ አንከባለላቸው። ድፍኑ ጎማ ጥቂት ሄዶ ወደቀ። በነፋስ የተሞላው ግን ግቢውን አቋርጦ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። አንድ ሰው፣ አንድ እጅ፣ አንድ ግቢ፤ ልዩነቱ ነፋሱ ብቻ ነበር።

ምሥጢሩ ይህ ነው። በነፋስ የተሞላ ጎማ ጠጠር ሲያገኝ ጭነቱን አያነሣም፤ ጠጠሩን ወደ ራሱ ያስገባዋል። የተጨመቀው ነፋስ ወዲያው ገፍቶ ይመልሰዋልና የተበደረውን ጉልበት አብዛኛውን ይከፍላል። ደንሎፕ ከኋላ ያሉትን ሁለት ጎማዎች እንዲሁ አልብሶ ልጁን ሰደደው፤ ቀጥሎም በብስክሌት ላይ ሞከረው፤ ውጤቱ የበለጠ አማረ። ጁላይ 23 ቀን 1888 የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ ዲሴምበር 7 ቀንም ተሰጠው።

ሰው ግን ሳቀ። ጎማው ወፍራም ነበር፤ ቀጭን የለመደ ዓይን የታመመ እግር አስመሰለው። ሳቁን ያስቆመው ዊሊ ሂዩም የተባለ የቤልፋስት ብስክሌተኛ ነው። ሂዩም ሜይ 18 ቀን 1889 በኩዊንስ ኮሌጅ በተደረገው የስፖርት ቀን በደንሎፕ ጎማ ላይ ተቀምጦ ቀረበ፤ በአራቱም ውድድሮች አሸነፈ። ከዚያም ወደ ሊቨርፑል ተሻግሮ አሸነፈ። በቤልፋስት ከተሸነፉት መካከል የሃርቪ ዱ ክሮ ልጆች ነበሩ። ዱ ክሮ በደብሊን የሚኖር ነጋዴና የአየርላንድ ብስክሌተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። ልጆቹ ሲሸነፉ አባት ያዝናል፤ ይህኛው አባት ግን ጎማውን ተመለከተ። በዚያው ዓመት ከደንሎፕ ጋር ሆኖ በደብሊን ኩባንያ አቋቋመ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይታጠፋል። በ1890 የደንሎፕ የፈጠራ መብት ዋጋ እንደሌለው ታወቀ። ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ ይህንኑ ሐሳብ በ1845፣ ደንሎፕ ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ በሕግ አስመዝግቦት ኖሯል። ቶምሰን በ1847 በለንደን ሬጀንትስ ፓርክ ውስጥ በፈረስ በሚጎተት ሠረገላ ላይ ጎማውን አሳይቶ ነበር፤ አንዱ ጥንድ 1200 ማይል ያህል እንደ ተጓዘም ተመዝግቧል። ብስክሌት ባልተስፋፋበት፣ ስስ ላስቲክም ውድ በነበረበት ዘመን ግን የሚገዛው አላገኘም። ሐሳቡ ተረሳ፤ ቶምሰንም በ1873 ሞተ። ደንሎፕ ስለ እርሱ ሳያውቅ ነው ሁለተኛ የፈለሰመው። ሕግ ግን የሚጠይቀው ማን ቀደመ ብሎ ነው፤ ማን በቅንነት ደከመ ብሎ አይደለም። ፍርዱ ቢመርም ትክክል ነበር ለማለት ያስደፍራል፤ ቶምሰን ጎማውን ፈጠረ፣ ደንሎፕ ደግሞ ዘመኑ ሲደርስ አኖረው።

ኩባንያው መብቱን ቢያጣም አልፈረሰም። የመጀመሪያው የደንሎፕ ጎማ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው፤ ከቸርኬው ጋር በሙጫ የተጣበቀ ስለ ነበር፣ እሾህ የወጋው ሰው ቀዳዳውን ለመድረስ ሁሉን መፍታትና መልሶ ማጣበቅ ነበረበት። በ1890 ቻርልስ ኪንግስተን ዌልች ጠርዙ ሽቦ ያለበትን ጎማና መሐሉ ጎድጎድ ያለውን ቸርኬ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ዊልያም ባርትሌት ጠርዙ ቸርኬውን ነክሶ የሚይዝ ጎማ አስመዘገበ። ዱ ክሮ ሁለቱንም መብቶች ገዛ። ዛሬ በባሕር ዳር ጎዳና ዳር ወይም በገጠር ከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ ያለ ጎሚስታ፣ ጎማውን በሁለት ብረት ገልብጦ የውስጡን ላስቲክ አውጥቶ፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋውን አይቶ፣ በማስቲሽ አጣብቆ የሚመልሰው በዌልች ዘዴ ነው። የደንሎፕ ስም በጎማው ላይ ቢጻፍም የጎሚስታው እንጀራ የዌልች ነው።

ከፍተኛ የፊት መንኮራኩር ያለው ብስክሌት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመንገድ ጠፋ፤ ነፋስ ትልቁን ጎማ አላስፈላጊ አደረገው። ትንሽ ጎማ ያላቸው፣ ነጂው ጀርባውን አስደግፎ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚነዳቸው ብስክሌቶችም ኋላ ላይ ሊመቹ የቻሉት በዚሁ ምክንያት ነው። በ1896 ኤርነስት ቴራ ሁሊ የተባለ የገንዘብ ሰው ኩባንያውን በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ፤ ወዲያውም በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ለሕዝብ አክሲዮን ሸጠው።

ደንሎፕ በዚያ ገበያ ውስጥ አልነበረም። የሕክምና ሥራውን በ1892 ትቶ ደብሊን ቢገባም፣ ከሌሎቹ ጋር ሳይስማማ በ1895 ከኩባንያው ወጣ። ትልቁ ትርፍ የመጣው እርሱ ከሄደ በኋላ ነው። ጢማም ፊቱ ግን አልሄደም፤ ለኩባንያው የንግድ ምልክት ሆኖ ቀረ። ሰውዬው በጨርቅ ንግድ ላይ ተሰማርቶ ሲኖር፣ መልኩ በየሱቁ ጎማ ይሸጥ ነበር።

የነፋስ ጎማ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሌላ ገጽም አለ። ጎማው ሲፈለግ ላስቲክ ተፈለገ። ላስቲኩ ከጫካ ሐረግ የሚለቀምባት አንዷ ሀገር የቤልጂጉ ንጉሥ ዳግማዊ ሊዮፖልድ እንደ ግል ርስቱ የያዛት ኮንጎ ነበረች። እያንዳንዱ መንደር የተወሰነ ላስቲክ እንዲያመጣ ይገደድ ነበር፤ ሴቶች መያዣ ሆነው ይታሰሩ፣ ወንዶች ጫካ ይነዱ፣ የጎደለበት ሰው ይገረፍና ይገደል፣ እጅም ይቆረጥ ነበር። በዓለም ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ ቤልጂግ አገሪቱን ከንጉሡ እስከ ወሰደችበት እስከ 1908 ድረስ ይህ ዘለቀ። ደንሎፕ በዚህ እጁ የለበትም፤ ለልጁ ብሎ የጀመረው ነገር ግን የአንዱን መንገድ ሲያለሰልስ የሌላውን ጀርባ አቁስሏል። የአውሮፓ ብስክሌተኛ ጎማው ላይ ያለው ላስቲክ ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም ነበር።

ደንሎፕ ኦክቶበር 23 ቀን 1921 በደብሊን ከተማ ቦልስብሪጅ በተባለው ሰፈር በቤቱ አረፈ። ዕድሜው 81 ነበር። በዲንስ ግሬንጅ መካነ መቃብር ተቀበረ። ስለ ጎማው የጻፈውን ታሪክ ከሞተ በኋላ ሴት ልጁ አሳትማለች። በ1997 በሰሜን አየርላንድ የታተመ የ10 ፓውንድ ብር መልኩን ይዞ ወጥቷል። ከልጁ ብስክሌት የቀረው ጎማ በኤድንብራ፣ ሕክምና በተማረባት ከተማ፣ በስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።

የገበሬው ልጅ አንድ ነገር ሳያይ ሞተ። እርሱ በሞተበት ዘመን የእርሻ ትራክተር አሁንም ጥርስ ባለው የብረት መንኮራኩር ይሄድ ነበር፤ በመንገድ ላይ ሲወጣ ድንጋዩን ይሰብራል፣ ነጂውንም ያንቀጠቅጣል። በ1932 አሊስ ቻልመርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በነፋስ የተሞላ ጎማ ያለው ትራክተር ለገበያ አቀረበ። ገበሬዎች በመጀመሪያ ጎማው በእርሻ ላይ ይንሸራተታል፣ ቆርቆሮና ጉቶ ይበጣጥሰዋል እያሉ ተጠራጠሩ። በአሥር ዓመት ውስጥ ግን የብረት መንኮራኩር ከአሜሪካ እርሻ እየወጣ፣ ነፋሱ እየገባ ነበር።