ፍሮይድና የሐኪሙ ቃል ኪዳን

የሲግሙንድ ፍሮይድን ስም ከመካከላችን ያልሰማ የለም። ስለ ሕልም ትርጓሜ ያስተማረውን በየክፍሉ እናነሣዋለን፤ እንከራከርበታለንም። ስለ አሟሟቱ ግን እምብዛም ሲነገር አንሰማም። የማይድን በሽተኛ ሞትን ቢለምን ሐኪሙ ይርዳው ወይስ አይርዳው የሚለው ክርክር በየአገሩ ምክር ቤት በሚነሣበት በዚህ ዘመን፣ የዚህን ሰው ሕይወት በዚህ በኩል መመልከት ይጠቅመናል።

ፍሮይድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1856 ዓ.ም. ፍራይበርግ በምትባል የሞራቪያ ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ወደ ቪየና ወሰዱት፤ በዚያም ሕክምና ተምሮ በ1881 ተመረቀ። ዝናው ቀስ በቀስ ዓለምን አዳረሰ። ይኸው ሐኪም ግን በቀን ሃያ ያህል ሲጋር ያጤስ ነበር።

በ1923 በአፉ ውስጥ እብጠት ወጣበት። የመረመረው ዶክተር ፌሊክስ ዶይች ካንሰር መሆኑን ተረዳ። ይሁን እንጂ ፍሮይድ ሥቃይ ቢጸናበት በክብር እንዲሞት እንዲረዳው አስቀድሞ ጠይቆት ነበርና፣ ራሱን ያጠፋል ብሎ በመፍራት እውነቱን ደበቀው። ፍሮይድ ነገሩን በኋላ ሲያውቅ እጅግ ተቈጣ፤ የበሽተኛን እውነት ከበሽተኛው ለመሸሸግ ለሐኪም ማን ሥልጣን ሰጠው የሚል ነበር ቅሬታው። በዚያው ዓመት የላይኛው መንጋጋውና የላንቃው ከፊል ተቈርጦ ሰው ሠራሽ ላንቃ ተደረገለት፤ መብላትም መናገርም ጭንቅ ሆነበት። በ16 ዓመት ውስጥ ከ30 ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አእምሮውን እንዳያደነዝዘው በመስጋት ግን ከአስፒሪን የበረታ ማስታገሻ አይቀበልም ነበር።

በ1929 ማክስ ሹር የሚባል ወጣት ሐኪም የግል ሐኪሙ ሲሆን ፍሮይድ ኹለት ነገር አስማለው። አንደኛው ምንጊዜም እውነቱን እንዲነግረው፣ ኹለተኛው ጊዜው ሲደርስ በከንቱ እንዳያሠቃየው ነበር። በዚሁ ተጨባበጡ።

በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ልጁ አና ኹላችንም ራሳችንን ብናጠፋ አይሻልምን ብላ ጠየቀችው። እርሱ ግን ያን የሚፈልጉት ጠላቶቻችን ስለ ሆኑ ነውን ብሎ አሳፈራት። ሞትን የማይፈራው ሰው ሌላ የሚመኝለትን ሞት አልተቀበለም። በሰኔ ወር ወደ ለንደን ተሰደደ። የእንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት ለማይድኑ በሽተኞች በፈቃዳቸው መሞትን የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ በ35 ድምፅ በ14 ከጣለው ገና ኹለት ዓመት አልሞላውም ነበር።

በሴፕቴምበር 21 ቀን 1939 ፍሮይድ የሹርን እጅ ይዞ የቀድሞውን ቃል አስታወሰው፤ ለአናም እንዲነግራት አዘዘው። አና ጊዜ እንዲራዘም ብትፈልግም በመጨረሻ ተስማማች። ሹር ሞርፊን ሰጠው፤ ፍሮይድም በ23ኛው ቀን ሌሊት ዐረፈ። ስለ መድኃኒቱ መጠንና የመጨረሻውን መርፌ ስለ ወጋው ሰው የኋላ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ፤ ስለ ቃል ኪዳኑ ግን የመሰከረው ሹር ራሱ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሂትለር ሐኪሞች የማይድኑ የተባሉትን እንዲገድሉ የሚፈቅድ ደብዳቤ ፈረመ። የምሕረት ሞት ተባለ። እስከ 1941 ነሐሴ ድረስ ከ70,000 በላይ ሕሙማንና አካለ ስንኩላን ያለ ፈቃዳቸው ተገደሉ። ተቃዋሚዎች ይህን የሚያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካው የኦሬገን ሕግ በ1997 ሥራ ላይ ሲውል ለመኖር ከስድስት ወር በላይ የማይጠበቅለት በሽተኛ ራሱ ደጋግሞ እንዲጠይቅ፣ መድኃኒቱንም በራሱ እጅ እንዲወስድ ማዘዙ ይህን ሥጋት ለመመለስ ነው።

እኛ እንደሚመስለን የፍሮይድን ሞት ከግድያው የሚለየው ሞርፊኑ አይደለም። እውነቱን ዐውቆ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ዐሥር ዓመት የሚያውቀውን ሐኪም ራሱ መጠየቁ ነው። ነገር ግን ፍሮይድ ሹርም አናም ነበሩት። ወዳጅ ሐኪም የሌለው፣ ማስታገሻ የማያገኝ፣ ለዘመዶቹ ሸክም ሆንሁ ብሎ የሚያፍር ድኻ ሞትን ሲለምን የሚለምነው በእርግጥ ሞትን ነውን? ሕግ አውጪዎች ሞትን ከመፍቀዳቸው በፊት እውነትንና ማስታገሻን ለኹሉ ያድርሱ እንላለን። ከዚህ ወዲያ ያለውን ክርክር ለአንባቢዎቻችን እንተዋለን።