የቆርቆሮ ጣራና የፀሐይ ሠዓሊ
የአቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሕይወትና ሥራ

በአዲስ ከተማ፣ ከመርካቶ ፎቆች በአንዱ ላይ ወጥቶ ቁልቁል የተመለከተ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ሸቀጡን ወይም ገበያተኛውን አይደለም፤ ጣራውን ነው። በየፎቁ መካከል የቀረው የቆርቆሮ ጣራ አንዱ ከአንዱ ተደራርቦ፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ብሎ እንደ ታረሰ ማሳ ተዘርግቶ ይታያል። አዲሱ ቆርቆሮ በፀሐይ ያብረቀርቃል፤ የሰነበተው ግራጫ ይሆናል፤ ያረጀው ደግሞ ዝጎ ቀይ አፈር ይመስላል። ከጣራው ሥር የሚውለው ነጋዴና ተሸካሚ ግን ቆርቆሮውን የሚያስበው ዝናብ ባፈሰሰበት ቀን ብቻ ነው። በዚህም አይፈረድበትም፤ የዕለት እንጀራ የሚያሯሩጠው ሰው ጣራ ለመመልከት ጊዜ የለውም።

ይህን የመሰለውን ጣራ አተኩረው ተመልክተው በሥዕል ያስቀመጡ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። እኒህም ሠዓሊውና ባለቅኔው አቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ናቸው። ከታወቁት ሥራዎቻቸው አንዱ የቆርቆሮ ጣራዎችን የሚያሳየው ሥዕል ሲሆን፣ የመርካቶ ሰው ቢመለከተው የገዛ ሰፈሩን ሳያይበት አይቀርም። ተፈጥሮን የሚሥል ሠዓሊ ሲባል ብዙዎቻችን ተራራና ፏፏቴ፣ አበባና አጋዘን ይታየናል። አቶ ገብረ ክርስቶስ ግን ተፈጥሮን የፈለጉት ሰው ከሚኖርበት ሥፍራ ሳይርቁ ነበር። የአገራችን ፀሐይ በሚያርፍበት ነገር ሁሉ ላይ ተፈጥሮ አለ፤ ሥራቸው የሚያስተምረን ይህን ነው። ዛሬ የእኒህን ሰው ሕይወት ለአንባቢያችን በአጭሩ እናቀርባለን።

አቶ ገብረ ክርስቶስ በ1924 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ተወለዱ። እናታቸው የሞቱባቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነው። አባታቸው አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ከመሆናቸውም በላይ በብራና ላይ መጻፍንና መጻሕፍትን በሐረግና በሥዕል ማስጌጥን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። አንባቢያችን እንደሚያውቀው የጥንቱ የብራና ጸሐፊ ቀለሙን ከሱቅ አይገዛም ነበር፤ ጥቁሩን ከጥላሸትና ካረረ እህል፣ ሌላውን ከአፈርና ከዕፀዋት እያዘጋጀ ይጠቀም ነበር። እንግዲህ ሕፃኑ ገብረ ክርስቶስ ያደገው ቀለም ከመሬት እንደሚገኝ በሚታወቅበት ቤት ውስጥ ነው። ከቤት ሲወጣ ደግሞ የሐረር ግንብ፣ የጠበቡት መንገዶችና በገበያው የሚታየው የሴቶቹ ልብስ ኅብረ ቀለም ይጠብቀው ነበር። ጠላት አገራችንን በወረረበት ጊዜ ዕድሜው ከአራት ዓመት ብዙም አላለፈም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሐረር ከተማሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ሁለተኛ ደረጃን ቀጠሉ። ከዚያም የእርሻ ሳይንስ ለማጥናት ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ። በዚያን ዘመን አንድ ወጣት ኮሌጅ ገብቶ የእርሻ ትምህርት መማሩ ለቤተሰቡም ለአገሩም ትልቅ ተስፋ ነበር። አቶ ገብረ ክርስቶስ ግን ትምህርቱን ሳይፈጽሙ ተዉት። ስለ አፈርና ስለ ተክል ከማጥናት ይልቅ የአፈሩና የተክሉ መልክ አሸነፋቸው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። ሥዕል መተዳደሪያ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው እምብዛም ባልነበረበት ጊዜ ይህን መንገድ መምረጥ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ወደ ጀርመን አገር ሄደው በኮሎኝ ከተማ የሥዕልና የዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ፤ እስከ 1961ም ተማሩ። ኮሎኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ፈርሳ እንደገና በመሠራት ላይ የነበረች ከተማ ናት። የጀርመን አዳዲስ ሠዓሊዎችም ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የናዚ መንግሥት በ1937 የእነዚህን ሰዎች ሥራ የተበላሸ ሥዕል ነው ብሎ ለማዋረድ ሙኒክ ላይ በአደባባይ አሳይቶት ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ያው ሥዕል ተመልሶ ተከበረ። የእነዚህ ሠዓሊዎች ዋና ሐሳብ ነገሩን እንደ ፎቶግራፍ ከመቅዳት ይልቅ በልብ ውስጥ የሚያሳድረውን ስሜት በቀለም መግለጽ ነው። አቶ ገብረ ክርስቶስ የተማሩት ይህን ነው። በ1962 እዚያው ኮሎኝ ሥዕሎቻቸውን ለሕዝብ ካሳዩ በኋላ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በአዲስ አበባ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥራ ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። አቶ ገብረ ክርስቶስም በዚያ አስተማሪ ሆነው ገቡ፤ በ1955 ዓ.ም. ሥዕሎቻቸውን ለከተማው ሕዝብ አሳዩ። የተመልካቹ አሳብ ግን ተከፈለ። ዓይኑ በቤተ ክርስቲያን ሥዕልና በመኳንንት ምስል የለመደ ሰው፣ ፊቱና ልብሱ ተለይቶ የማይታወቅ፣ ቀለም በቀለም ላይ የተነባበረበት ሥዕል ሲቀርብለት ግራ ቢጋባ አያስገርምም። አንዳንዶቹ አዲስ መንገድ ተከፈተ ብለው ተደሰቱ። ሌሎቹ ግን ይህ የፈረንጅ ሥዕል ነው፣ የኢትዮጵያ ጠባይ የለበትም ሲሉ ነቀፉ።

ይህ ነቀፋ ለሠዓሊው ከባድ ነገር ነበር። አንድ ሰው የእጅህ ሥራ ደካማ ነው ቢባል ተምሮ ሊያሻሽል ይችላል፤ ሥራህ የአገርህ አይደለም ሲባል ግን የሚመልሰው ይጠፋዋል። ስለዚህ ነገሩን ከሥዕሎቹ ላይ እንመርምረው። አቶ ገብረ ክርስቶስ ከሣሏቸው መካከል የከተማችን ሊስትሮዎች ይገኛሉ። ጎልጎታ የተባለው የ1963 ሥዕላቸው ስቅለትን የሚገልጽ ሲሆን፣ የካህኑ ልጅ ከአባታቸው የወረሱትን ታሪክ በደም በሚመስል ቀይ ቀለም አቅርበውታል። በ1966 የሠሩት ሌላው ሥዕል ምንም ዓይነት ዛፍ ወይም ሣር ተለይቶ ሳይታይበት በአረንጓዴ ቀለም የተሠራ ነው፤ ክረምት ወጥቶ መስከረም ሲጠባ መስኩን ያየ ሰው ግን ያ አረንጓዴ ከወዴት እንደ መጣ መጠየቅ አያስፈልገውም። አሣሣሉን ከኮሎኝ አምጥተውት ይሆናል፤ ብርሃኑና ቀለሙ ግን ከዚሁ ከአገራችን የተገኘ ነው።

ነቀፋው እንዳለ ሆኖ ክብርም አልቀረባቸውም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በ1964 ለሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ከሸለመ በኋላ በሚከተለው ዓመት በ1965 ለአቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሸለመ። በ1966 ደግሞ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሰው በዚያው ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። የእነዚህ የሁለቱ ሰዎች ተማሪዎች የአገራችንን ዘመናዊ ሥዕል ወደፊት ካራመዱት መካከል ናቸው።

አቶ ገብረ ክርስቶስ በግጥምም እንደ ሥዕሉ ያልተለመደ መንገድ ተከትለዋል። ስንኞቻቸው ብዙ ጊዜ አጫጭር ናቸው፤ ቃላቱም ሰው በየዕለቱ የሚናገራቸው ናቸው። በሰፊው የታወቀው ሀገሬ የተባለው ግጥማቸው በስደትና በናፍቆት ላይ ያለ ሰው የአገሩን ልምላሜና ብርሃን የሚያስብበት ነው። የጠፈር ባይተዋር በተባለው ደግሞ አሳባቸው ከምድር ርቆ ይሄዳል። ግጥሞቻቸው ከሞቱ በኋላ ተሰብስበው መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርእስ ታትመዋል። ሥዕላቸው የባዕድ ነው ያለ ሰው ሀገሬን ቢያነብ አሳቡን መለወጡ አይቀርም፤ ሁለቱም የወጡት ከአንድ ልብ ነውና።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ከመጣ በኋላ ሠዓሊ ሁሉ ብሩሹን ለመንግሥት ቅስቀሳ እንዲያውል የሚጠበቅበት ጊዜ ሆነ። የቀለምን ነፃነት ይዘው የኖሩት አቶ ገብረ ክርስቶስ ለዚህ የሚመቹ ሰው አልነበሩም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገራቸውን ትተው ወጡ፤ የመጨረሻ ጊዜያቸውንም በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት አሳለፉ። ስለ አገር ናፍቆት በወጣትነታቸው የጻፉት ባለቅኔ በስተመጨረሻ ያው ናፍቆት በራሳቸው ላይ ደረሰ። በመጋቢት ወር 1973 ዓ.ም. ላውተን በምትባል ከተማ አረፉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት አልሞላም ነበር።

ከሥዕሎቻቸው ብዙዎቹ በጀርመን አገር ለረጅም ዘመን ተቀምጠው ቆዩ። ወደ አገራቸው የተመለሱት ሠዓሊው ከሞቱ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። በ2000 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በጀርመኑ የባህል ተቋም በጎተ ትብብር በስድስት ኪሎ አካባቢ በስማቸው የሥነ ጥበብ ማእከል ተከፍቶ ሥዕሎቹ በዚያ እንዲቀመጡ ተደርጓል። ሠዓሊው በሕይወት ሳሉ ያልተመለሱበት አገር ሥዕላቸውን ተቀበለ ማለት ነው።

ከዚህ ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ሁለት ይመስለናል። አንደኛው፣ አንድ ሥራ የእኛ ነው ወይስ አይደለም ብለን ከመፍረዳችን በፊት ሠሪው ምን አይቶ እንደ ሠራው ቆም ብለን መመልከት እንዳለብን ነው። ሁለተኛው፣ የአገር ተፈጥሮ በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ብቻ የማይገኝ መሆኑ ነው። የሚዝገውን ቆርቆሮ፣ በዝናብ የሚጠቁረውን ግድግዳ፣ ከሰዓት በኋላ በመንደር ላይ የሚወርደውን ብርሃን ሠዓሊው አክብረው ተመልክተውታል። የአዲስ አበባ የቆርቆሮ ሰፈሮች በፎቅ እየተተኩ ናቸው፤ የሚያፈስ ጣራ ሥር ለኖረ ሰው ይህ መልካም ነገር ነው፣ አንናፍቀውም። ነገር ግን ልጆቻችን አያቶቻቸው በምን ዓይነት ብርሃን ሥር ይኖሩ እንደ ነበር ለማወቅ በፈለጉ ጊዜ የሚነግራቸው ጣራው ሳይሆን ሥዕሉ ይሆናል። ስለዚህ ሥዕሉን በደህና መጠበቅ፣ ሄዶም መመልከት የሁላችንም ድርሻ ነው።