ልዕልቷ ነርስ፤ የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ አጭር የሕይወት ታሪክ

ዛሬ በዚህች ጽሑፍ የምናነሣው በ22 ዓመታቸው፣ ማለትም በብዙዎቻችን ዕድሜ፣ ስላረፉ አንዲት ነርስ ነው። ይህን ታሪክ እንድናነሣ ያስገደደን ምክንያት አለ። ባለፈው ዓመት የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ምደባ በወጣ ጊዜ ከመካከላችን ለአንዲት እኅት ነርስነት ደረሳትና አለቀሰች። እኛም ልናጽናናት ሄደን እንደ ለቅሶ ቤት ዙሪያዋን ከበን ተቀመጥን። በኋላ ስናስበው ግን አፈርን፤ ሕመምተኛን ማስታመም የሚለቀስበት ዕጣ ነው ብለን በዝምታችን መስክረናልና። ስለዚህ የልዕልት ፀሐይን ታሪክ ለእርሷም ለራሳችንም ብለን አዘጋጀነው።

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ በኋላም ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ እናታቸውም እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። የንጉሥ ልጅ ሆኖ መወለድ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደ ነበረ ለናንተ መንገር አያሻም፤ ውኃ እንኳ ሲያሰኛቸው የሚያቀርብላቸው ሰው የሚጠባበቅበት ቤት ነው ያደጉት።

በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ሲወር ልዕልቲቱ ገና 16 ዓመት ገደማቸው ነበር። ከእናታቸው ከእቴጌ ጋር የአዲስ አበባን ሴቶች በማስተባበር ለቁስለኞች ፋሻ ሲያዘጋጁ፣ ከመርዝ ጋዝ የሚከላከል የፊት ጭምብል ሲያሰፉ ሰነበቱ። ጠላት ከአውሮፕላን የሚረጨው መርዝ የገበሬውን ቆዳና ዓይን ሲያቃጥል፣ የሠለጠነ አስታማሚ በአገሩ እጅግ ጥቂት እንደ ሆነ ያዩት ያን ጊዜ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከነቤተ ሰባቸው ከአዲስ አበባ ወጥተው በጅቡቲና በኢየሩሳሌም በኩል ሲሰደዱ ልዕልት ፀሐይም አብረው ነበሩ። እንግሊዝ አገር ከደረሱ በኋላ እንግሊዝኛ አዋቂ በመሆናቸው የቤተ ሰቡ አፍ ሆኑ። ነገር ግን ስደተኛ ልዕልት ተብሎ በየግብዣው መታየት አላረካቸውም። በነሐሴ ወር 1928 ዓ.ም. ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ተራ ጀማሪ ተማሪ ሆነው ገቡ።

የዚያ ዘመን ጀማሪ ነርስ ሥራ ምን እንደ ነበረ ልብ እንበል። ማልዶ መነሣት፣ አልጋ ማንጠፍ፣ የሕፃናትን ገላ ማጠብ፣ የቆሸሸ ጨርቅ መለወጥ፣ ዕቃ መቀቀል፣ ለአለቃ ነርስ ያለ ማጉረምረም መታዘዝ ነው። በአባታቸው ቤት ሌሎች ሲታዘዙላቸው ያደጉት ልጅ በባዕድ አገር ለድኃ ልጆች ታዛዥ ሆኑ።

ይህም የሆነው በሰላም ቀን አልነበረም። በየካቲት 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ወታደሮች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረሱት እልቂት ተሰማ። በዚያው ወር የእኅታቸው የልዕልት ተናኘወርቅ ባል ራስ ደስታ ዳምጠው ተይዘው ተገደሉ። እኅታቸው ልዕልት ሮማነወርቅም በጠላት እጅ ወድቀው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ፤ በኋላም እዚያው በግዞት ሞቱ። እንዲህ ያለ መርዶ በላይ በላይ እየመጣ ልዕልት ፀሐይ ትምህርታቸውን አልተዉም። ሦስት ዓመት ፈጽመው በነሐሴ 1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስነት ማዕረጋቸውን ተቀበሉ። ወሩ ሳያልቅም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። እርሳቸው ግን ጋይስ ወደሚባለው ሌላ የለንደን ሆስፒታል ገብተው የጠቅላላ ነርስነት ትምህርት ቀጠሉ።

አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ልዕልት ፀሐይ ከስደት ተመለሱ። ሐሳባቸው አንድ ነበር፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታል ተሠርቶ ኢትዮጵያውያን ነርሶች እንዲሠለጥኑበት። የጦር መኮንን የነበሩትን፣ በኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑትን ዐቢይ አበበን አግብተው ባለቤታቸው በተመደቡበት በወለጋ ኖሩ። የትዳራቸው ዘመን ግን እጅግ አጭር ሆነ። ፀንሰው ሳለ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። ሕፃኑም አልተረፈም። የስንቱን እናት ልጅ ያስታመሙት ነርስ የራሳቸውን ልጅ ሳይስሙ፣ እናት በሆኑበት ሰዓት ተለዩ። ገና 23 ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ወራቱ ክረምት ነው፤ ከጦርነቱ ገና የወጣው አገር መንገዱ የተበላሸ፣ ሐኪሙ ጥቂት፣ በየክፍለ አገሩ ለወላድ የሚደርሰው እርዳታ እጅግ አነስተኛ ነው። ልዕልት ፀሐይ የሞቱት ብዙ ድኃ እናቶች በሚሞቱበት ሞት ነው። ሊያቃልሉት የተማሩለት ችግር ራሳቸውን ወሰዳቸው፤ የንጉሥ ልጅነታቸውም አላዳናቸውም።

ከሞታቸው በኋላ የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በአገራቸው ገንዘብ አሰባሰቡ፤ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም በአዲስ አበባ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ነርሶችም ሠለጠኑበት። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ዛሬ የታክሲ ረዳት ጦር ኃይሎች እያለ ሲጣራ ተሳፍረን የምንሄድ ስንቶቻችን ነን በዚያ ሥፍራ የነበረውን ስም የምናውቅ?

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ክብር ከምደባ ወረቀት አይመጣም። ልዕልት የሚለው ስም በልደት ተሰጣቸው፤ ነርስ የሚለውን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ጐንበስ ብለው አገኙት፤ ለሆስፒታሉም ምክንያት የሆነው ይኸው ሁለተኛው ስማቸው ነው። ሁለተኛ፣ በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ደም እስከ ዛሬ በዓለም እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ነርስ ያልሆንን ደም መለገስ እንችላለን፤ በሠፈራችን ያለች ነፍሰ ጡር ምጥ ሲይዛት ሐኪም ቤት እስክትደርስ መሸኘት አያቅተንም።

ያቺ እኅታችን አሁን በተግባር ልምምድ ላይ ናት። ባለፈው እሑድ ከጉባኤ ዘግይታ ስትመጣ ሌሊቱን አንዲት ወላድ ስትጠብቅ ማደሯን ነገረችን፤ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ልናጽናናት የሄድነው ሁላችን እርሷን ለመስማት ከበብናት።

የልዕልት ፀሐይ ዐፅም በአዲስ አበባ በታእካ ነገሥት በኣታ ለማርያም ገዳም ዐርፏል። ዕለተ ሞታቸው በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል፣ በመጪው ነሐሴ 11 ቀን ከቅዳሴ በኋላ በአንድነት ሄደን መቃብራቸውን እንድንሳለም አሳብ አቅርበናል። የሚመጣ ሁሉ ስሙን ለጸሐፊያችን ያስመዝግብ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማርልን።