ከሐለቃው የቀረው ልጅ

መምህሩ መዝገቡን ይከፍትና ስም ይጠራል። መልስ ሲያጣ ቀሪ ብሎ ምልክት ያደርግና ወደሚቀጥለው ስም ያልፋል። ነገሩ በዚያው ያበቃል። ውድ አንባቢያን፣ ይህ በትምህርት ቤቱም በመድረሳውም የምናውቀው ነው። ልጁ ለምን ቀረ ብሎ የሚከተለው ሰው ቢገኝስ? ለዚህ የታላቁን ኢማም የአቡ ሐኒፋን (ረሒመሁላህ) ሕይወት ማየት ይበቃል። መዝሀባቸውን የማያውቅ ሙስሊም ጥቂት ነው፤ በአገራችንም ከሻፊዒዩ መዝሀብ ጎን የእርሳቸውን የሚከተሉ አሉ። እርሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው ከዑለማዎች መቀመጫ የራቁ እንደነበሩ ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም።

ኑዕማን ኢብን ሳቢት በ80 ዓመተ ሂጅራ (699 እ.ኤ.አ.) ኩፋ ውስጥ ተወለዱ። ሥራቸው ኸዝ የሚባለውን የሐር ጨርቅ መነገድ ነበር። ኩፋ በዚያን ዘመን በየመስጊዱ ጥግ ሐለቃ የተዘረጋባት ከተማ ብትሆንም፣ ወጣቱ ነጋዴ በሐለቃዎቹ አጠገብ እያለፉ ወደ ገበያ ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ከከተማዋ ስመ ጥር ዓሊሞች አንዱ የነበሩት አሽ-ሸዕቢ ሲያልፉ አይተው ጠሯቸውና ወዴት እንደሚመላለሱ ጠየቋቸው። ወደ ገበያ መሆኑን ነገሯቸው። ሸዕቢ የጠየቁት ስለ ገበያው ሳይሆን ከየትኛው ዓሊም ዘንድ እንደሚቀመጡ መሆኑን አስረዷቸው። ወጣቱም ዓሊሞች ዘንድ እምብዛም እንደማይሄዱ ሳይደብቁ ተናገሩ። ሸዕቢ አልተቆጡም፤ ስለ ዒልም ትሩፋት ረጅም ምክርም አልሰጡ። ንቁ አእምሮ እንደሚያዩባቸው ገልጸው ዒልምን እንዳይተዉ ብቻ አሳሰቧቸው። ያቺ ቃል ከወጣቱ ልብ ገባች። ስንፍናውን ብቻ ሲነግሩት የኖረ ልጅ ዘንድ እንዲህ ያለ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ መምህራን የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ የሳቧቸው የዐቂዳ ክርክሮች ነበሩ። ወደ ፊቅህ ያመጣቻቸው ግን አንዲት ሴት ናት። ስለ ፍቺ ሥርዓት ጠየቀቻቸው፤ መልሱን አላወቁትም። ወደ ሐማድ ኢብን አቢ ሱለይማን ሐለቃ ልከዋት መልሱን እንድትነግራቸው አደራ አሉ። ተመልሳ ስትነግራቸው ጫማቸውን አንስተው እርሳቸውም ወደ ሐማድ ሄዱ። ሐማድም ትምህርቱን አጥብቀው እንደሚይዙ ሲያዩ በሐለቃው ፊት ለፊት አስቀመጧቸው።

ከአሥር ዓመት በኋላ ግን የራሴ ሐለቃ ቢኖረኝ የሚል ሐሳብ መጣባቸው። በዚያው ሰሞን ሐማድ ዘመዳቸው ሞቶ ወደ በስራ ሲሄዱ በቦታቸው ተኳቸው። በሁለት ወር ውስጥ ከመምህራቸው ሰምተው የማያውቋቸው 60 ጥያቄዎች ቀረቡላቸው፤ መለሱና መልሱን ጽፈው አስቀመጡ። ሐማድ ሲመለሱ በ40ዎቹ ተስማሙ፣ በ20ዎቹ ተቃወሟቸው። አቡ ሐኒፋ መምህራቸው እስኪሞቱ ድረስ ላይለዩ ማሉ፤ ሐማድ በ120 ዓመተ ሂጅራ እስኪሞቱ ድረስ በጠቅላላው 18 ዓመት አብረዋቸው ቆዩ።

ታዲያ በሐማድ ቦታ ከተቀመጡ በኋላ ያዕቁብ የሚባል የኩፋ ድሃ ልጅ ወደ ሐለቃቸው ይመጣ ጀመር። በ113 ዓመተ ሂጅራ (731 እ.ኤ.አ.) የተወለደው ይህ ልጅ ነው ኋላ አቡ ዩሱፍ የተባለው። አል-ኸጢብ አል-በግዳዲ ስለ እርሱ ያሰፈሯቸው ዘገባዎች በሁሉም አይገጣጠሙም። በአንደኛው አባቱ መጥተው፣ አቡ ሐኒፋ እንጀራቸው የተዘጋጀላቸው ሰው መሆናቸውን፣ እርሱ ግን ሠርቶ መብላት እንዳለበት ነግረው አስቀሩት። በሌላው አባቱ ሞተዋል፤ እናቱ ለልብስ አጣቢ ቀጥረውት ሳለ እየሾለከ ሐለቃው ስለሚገባ እጁን ይዘው ይጎትቱት ነበር። የትኛውም ቢሆን ያራቀው ድህነት ነው።

ልጁ ሲጠፋ አቡ ሐኒፋ አጠያየቁ። ሲመጣ ምን እንዳስቀረው ጠየቁት፤ እርሱም ኑሮውንና የአባቱን ትእዛዝ ነገራቸው። ሰዉ ከተበተነ በኋላ 100 ድርሃም ያለበት ከረጢት ሰጡትና ሲያልቅ እንዲነግራቸው አዘዙት። ያዕቁብ ግን መንገር አላስፈለገውም፤ ባለቀ ቁጥር ሳይናገር ሌላ ይሰጡት ነበር። በሰው ፊት አለመስጠታቸውን ልብ ይሏል። ነጋዴ ነበሩና ገንዘብ ለምን እንደሚውል አሳምረው ያውቁ ነበር።

ሁለተኛው መራቅ ሌላ ዓይነት ነው። አቡ ዩሱፍ ካደገ በኋላ በጠና ታመመ። አቡ ሐኒፋ ጠይቀውት ሲወጡ፣ ከእኔ በኋላ ለሙስሊሞች ተስፋ ያደረግሁት እርሱን ነበር የሚል ሐሳብ ተናገሩ። ወሬው ደረሰውና ሲድን የራሱን ሐለቃ ዘረጋ። ተግሣጽ አልላኩበትም፤ የላኩት ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። ልብስ እንዲያጥብ የተሰጠው ሰው ልብሱን ክዶ ኋላ አጥቦ ቢመልስ ዋጋው ይገባዋል ወይ? አቡ ዩሱፍ ይገባዋል አለ፤ ሰውየው ተሳስተሃል አለው። አይገባውም አለ፤ አሁንም ተሳስተሃል ተባለ። ወዲያው ተነስቶ ወደ መምህሩ ሄደ። የልብስ አጣቢው ጉዳይ እንዳመጣው ዐወቁበትና አስረዱት፦ ከመካዱ በፊት ካጠበው ለባለቤቱ ነውና ዋጋ አለው፤ ከካደ በኋላ ካጠበው ለራሱ ነውና የለውም። በ60ዎቹ ጥያቄዎች ያለፉት አቡ ሐኒፋ ይህን ኩራት በራሳቸው ያውቁታል።

ኢማሙ የቃዲነት ሹመት አልቀበልም በማለታቸው ታስረው በ150 ዓመተ ሂጅራ (767 እ.ኤ.አ.) በባግዳድ ሞቱ። ተማሪያቸው ግን የቃዲዎች ቃዲ የተባለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ለኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድም ስለ ግብር ኪታቡል ኸራጅን ጻፈ።

በእናቱ ዘገባ ላይ አንድ ነገር ይቀራል። አቡ ሐኒፋ ለእናቱ፣ ልጃቸው የሚማረው በፉስቱቅ ዘይት የተሠራ ፋሉዘጅ የሚባል ጣፋጭ መብላትን ነው ሲሏቸው፣ ሽማግሌው አእምሮአቸውን ስተዋል ብለው ሄደው ነበር። ከዓመታት በኋላ በሃሩን ማዕድ ላይ ያ ጣፋጭ ሲቀርብ አቡ ዩሱፍ ሳቀ። ኸሊፋው ምክንያቱን ጠየቀው፤ ነገረውም። ሃሩን ተገርሞ ለአቡ ሐኒፋ ራሕመት ለመነላቸው።